የበረዶው ጎተራ፤ ከቦስተን እስከ ግሎስተር

በየካቲት ወር ለጥቂት ሳምንታት ወደ አሜሪካ፣ ወደ ቦስተን ከተማ ሄጄ ነበር። ያረፍሁትም በአንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ቤት ነው። ቤት ማለት እንኳ ይበዛበታል፤ አንድ ክፍልና አንድ ጠባብ ወጥ ቤት ናት። ልጁ በዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን የሚከታተል፣ ጠባዩ የታረመ፣ ከሚያገኛት ጥቂት አበል ላይ በየወሩ ሃምሳ ዶላር ለእናቱ የሚልክ ወጣት ነው።

በመጀመሪያው ምሽት እራት ሊያቀርብልኝ የፍሪዘሩን በር ቢከፍት አንድ እንደ ድንጋይ የጠጠረ የምግብ ካርቶን ተወርውሮ እግሬ ላይ ወደቀ። እርሱን ስናነሣ ሌላ ወደቀ። ፍሪዘሩ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ በሩ የሚዘጋው በትከሻ ተገፍቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ የገዛሁት በቅናሽ ነው» አለኝ በኵራት። «ግማሹን በግማሽ ዋጋ፣ ግማሹን ደግሞ አሥሩን በአሥር ዶላር።»

«ጎበዝ፤ እንግዲያው ገንዘብ ተርፎሃል ማለት ነው። ለእናትህ የዚህን ወር ላክህላቸው?» አልሁት።

ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ያለፈውንም አልላክሁም» ብሎ አንገቱን ደፋ።

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። በቅናሽ የሚገዛ ሰው ይተርፈዋል እንጂ እንዴት ይጐድልበታል? በማግሥቱ ቅዳሜ ስለ ነበረ፣ «የበረዶ ምግብ የሚባለው ነገር ለገበያ የተዘጋጀባት ከተማ ከዚህ በባቡር የአንድ ሰዓት መንገድ ናት ይላሉ። ሄደን እንያት፤ ስንመለስ ደግሞ የገበያህን ነገር እንመረምራለን» አልሁት። እርሱም ደስ እያለው ተነሣ። በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ኖርዝ ስቴሽን ከሚባለው ጣቢያ ተሳፍረን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ጕዞ ጀመርን። ባቡሩ የከተማውን ጢስና ግንብ ጥቂት በጥቂት እየጣለ፣ በረግረግና በባሕር ወሽመጥ መካከል ያልፋል። ረግረጉ በበረዶ ተሸፍኖ ነበር፤ ከበረዶው ላይ ብቅ ያለው ቢጫ ሣር ታጭዶ ያልተከመረ የጤፍ ማሳ ይመስላል። ወንዞቹ ከዳር ከዳር ረግተዋል። ሙቅ ባቡር ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት ለሚያየው ብርዱ ያማረ ነው፤ ከባቡሩ ሲወርዱ ግን ጆሮ የሚቈርጥ መሆኑ ይታወቃል።

ግሎስተር በ1623 የተቈረቈረች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ከጣቢያው ወርደን ወደ ባሕሩ ዳር ስንሄድ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይናችንን የሳበው በ1925 የቆመው የነሐስ ሐውልት ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ የመርከብ መሪ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ጐንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ከባሕሩ ላይ ሳይነቅል ይታያል። ከሥሩ የተጻፈው ቃል ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ ነው። በዙሪያው ባሉት የነሐስ ሰሌዳዎች ላይ ደግሞ ከዚህች ከተማ ወጥተው በባሕር የቀሩ ሰዎች ስም ተቀርጿል፤ ከ5000 በላይ ነው። ወዳጄ ስሞቹን በጣቱ እየተከተለ ብዙ ካነበበ በኋላ፣ «ለካ ይህ ዓሣ ይህን ያህል ሰው በልቷል!» አለ። እኔም ስለ ምግብ ርካሽነት በምንነጋገርበት ቀን ይህን ማየታችን መልካም ሆነ አልሁ። በካርቶን ላይ ያለው ዋጋ የሚናገረው የገዢውን ወጪ ብቻ ነው።

የግሎስተር ሰዎች ለብዙ ዘመን ኮድ የሚባለውን ዓሣ በጨው አሽተው፣ በእንጨት ቆጥ ላይ በፀሐይና በነፋስ እያደረቁ ወደ ሩቅ አገር ይሸጡ ነበር። ይህ ከእኛ ቋንጣ እምብዛም አይለይም። የሰው ልጅ የጠገበበትን ወር ለሚርብበት ወር ለማሻገር ያልፈለሰፈው ዘዴ የለም፤ እኛ ሥጋውን ቋንጣ፣ እንጀራውን ድርቆሽ፣ እህሉን በጎተራ እናደርጋለን፤ እነርሱ ጨውን አገኙ። በረዶ ኋላ የመጣ ጎተራ ነው።

ይህን ጎተራ ለዓለም ገበያ ያበጀው ክላረንስ በርድዛይ የሚባል ሰው ነው። በርድዛይ በ1886 በኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ተወለደ። በዚሁ በማሳቹሴትስ በሚገኘው በአምኸርስት ኮሌጅ ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ገንዘብ አጥሮት ሳይጨርስ ወጣ። (ወዳጄ ይህን ሲሰማ ጆሮውን አቀና።) በ1912 ለቁርበት ንግድ ላብራዶር ወደሚባለው ወደ ካናዳ ሰሜናዊ ምሥራቅ አገር ሄደ። በዚያ ኢኑይት የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ብርዱ ከዜሮ በታች አርባ ዲግሪ በሚደርስበት ቀን፣ የበረዶውን ወለል በስተው ዓሣ ሲያወጡ ተመለከተ። ዓሣው አየሩን እንደ ነካ ወዲያው ደርቆ ድንጋይ ይሆናል፤ ከወራት በኋላ ቀልጦ ሲበሰል ግን ጣዕሙ የዛሬ ዓሣ ነው።

ምሥጢሩ ፍጥነቱ ነው። ምግብ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ እንደ ሆነ በውስጡ ያለው ውሃ ወደ ትላልቅ የበረዶ ፍሬዎች ይለወጣል፤ እነዚህም እንደ መርፌ ሥጋውን ወይም ቅጠሉን ከውስጥ ይበጣጥሱታል። ሲቀልጥ ውሃው ይፈስሳል፤ የቀረው እንደ ጨርቅ ይልፈሰፈሳል። በፍጥነት የቀዘቀዘ ግን የበረዶ ፍሬዎቹ እጅግ ጥቃቅን ስለሚሆኑ የምግቡ ሰውነት እንዳለ ይቈያል። የኢኑይትን ጥበብ ዓይቶ፣ ምግቡን በጥቅል እንዳለ በሁለት እጅግ የቀዘቀዙ የብረት ገበታዎች መካከል ተጭኖ የሚያደርቅ መኪና የሠራው በርድዛይ ነው። የመጀመሪያ ኩባንያው ከሰረ፤ እርሱ ግን ተስፋ ሳይቈርጥ ወደ ግሎስተር መጥቶ እንደገና ጀመረ። በ1929 ድርጅቱና የፈጠራ መብቱ በ22 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ዳሩ ግን በርድዛይ ተማሪ የነበረበት ዘመንና ይህ ሚሊዮን የተራራቁ ናቸው፤ በመካከል አንድ ኪሳራና ብዙ ዓመት አለ።

ፋብሪካው የነበረበት ፎርት የሚባለው ሰፈር ከሐውልቱ ሩቅ አይደለም። በብርዱ እየተንቀጠቀጥን ሄደን አየነው። የቀድሞው ሕንፃ ፈርሶ በ2016 የተከፈተ ትልቅ ሆቴል በቦታው ቆሟል። ወደ ውስጥ ገብተን ሁለት ስኒ ቡና ጠጣን፤ ስለ ቁጠባ ልንማር በመጣንበት ቀን ከሁሉ ውድ የሆነብን ነገር እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ከተማይቱ በረዶውን አልተወችም። በ1849 የተመሠረተውና በ1953 በዳቦ ፍርፋሪ የተሸፈነ የዓሣ ጣት ለገበያ ያወጣው የጎርተንስ ኩባንያ ዛሬም ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ግሎስተር ነው።

በመመለሻው ባቡር ለወዳጄ የቀረውን ታሪክ ነገርሁት። የበረዶ ምግብ ለሕዝብ የተሸጠው መጀመሪያ መጋቢት 6 ቀን 1930 በዚሁ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ፣ በ18 ሱቆች ውስጥ ነው። የቀረበውም አተር፣ ስፒናች፣ እንጆሪ መሰል ፍሬ፣ ዓሣና ሥጋ ነበር። በዚያን ዘመን ባለሱቆች የበረዶ ሣጥን ስላልነበራቸው ሣጥኑን የሰጣቸው ኩባንያው ራሱ ነው፤ ሸቀጡንም ሲሸጡት ይከፍሉ ዘንድ በአደራ አስቀመጠላቸው። ጊዜው ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት የጀመረበት ነበርና፣ ገዢው ኪሱን እየዳበሰ እንዲህ ያለውን አዲስ ነገር በጥርጣሬ ማየቱ አያስገርምም።

«እንግዲያው ያን ጊዜ ባለሱቁ የማይሸጠውን አይከፍልም ነበር ማለት ነው» አለ ወዳጄ።

«አዎን።»

«እኔ ግን የማልበላውን ከፍያለሁ።»

ይህን የተናገረው ቀልድ አድርጎ ነበር፤ ነገሩ ግን እስከ ቦስተን አብሮን ተጓዘ።

በወዳጄ ፎቅ ላይ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ይኖራሉ። በዚያች ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ የቈዩ፣ በሆስፒታል ወጥ ቤት እየሠሩ ሦስት ልጆች ያሳደጉና ያስተማሩ ሴት ናቸው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ለመኑኝ እንደ ሰፈሩ ልጆች እትዬ ብቻ እላቸዋለሁ። በማግሥቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አግኝተናቸው ችግሩን ብንነግራቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ወጥ ቤቱ ገቡና ፍሪዘሩን ከፍተው ተመለከቱ።

«ልጄ፣ ይህ ፍሪዘር ነው ወይስ መቃብር?» አሉት። «ሳምንት ስንት ቀን ቤትህ ትበላለህ?»

«ሦስት ቀን፣ እትዬ። የቀረውን ትምህርት ቤት ነኝ።»

«ታዲያ ለሦስት ቀን ሰው የሠርግ ድግስ ምን ያደርግለታል? በል ካፖርትህን ልበስ፤ እርስዎም ይምጡ፤ ገበያ እናውቃለን።»

ሱፐርማርኬቱ ከቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። የበረዶ ምግብ ያለበት መተላለፊያ ግራና ቀኙ ባለመስታወት በር የሆነ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሩጫ ሜዳ የሚያህል ነው። በየበሩ ላይ ቢጫና ቀይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ሁሉም ቅናሽ፣ ሁሉም ለዛሬ ብቻ እያለ ይጮኻል። እትዬ ወደ ትላልቁ ጽሑፍ ቀና ብለው አላዩም። መነጽራቸውን አውጥተው የተመለከቱት ከመደርደሪያው ጠርዝ ያለችውን ትንሽ ቍጥር ነው።

«ትልቁን ቍጥር የጻፈው ባለሱቁ ነው፤ ትንሿን ያስጻፈው ሕግ ነው» አሉን።

እውነታቸውን ነው። በማሳቹሴትስ ሕግ ታላላቅ የምግብ መደብሮች ከዕቃው ዋጋ ጐን የአንዱን ፓውንድ ዋጋ እንዲጽፉ ይገደዳሉ። ፓውንድ ማለት 454 ግራም ያህል ነው፤ በ16 አውንስ ይከፈላል። ለሒሳቡ ያህል አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 12 አውንስ አተር የያዘ ትንሽ ከረጢት በቅናሽ አምስቱ በ5 ዶላር ይሸጣል እንበል፤ አንዱ 1 ዶላር ነው፤ ፓውንዱ 1 ዶላር ከ33 ሳንቲም ይሆናል። በአጠገቡ 2 ፓውንድ የሚይዘው ትልቁ ከረጢት 3 ዶላር ነው፤ ፓውንዱ 1 ዶላር ከ50 ማለት ነው። እንግዲህ ትልቅ ሁልጊዜ ርካሽ ነው ብሎ የገዛ ሰው ተታለለ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ቅናሹ አልቆ ትንሹ 1 ዶላር ከ60 ቢሆን፣ ፓውንዱ ከ2 ዶላር በላይ ይሆናልና ትልቁ ይሻላል። ስለዚህ ሳይቈጥሩ መልሱን ማወቅ አይቻልም።

ወዳጄ አምስት ከረጢት ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ እትዬ ያዙት።

«ስንት ትፈልጋለህ?»

«ሁለት ይበቃኝ ነበር፤ ግን አምስቱ በአምስት ዶላር ነው የሚለው።»

«አምስት ካልገዛህ አልሸጥልህም ይላል እንዴ? አንብበው።»

አነበበው፤ አይልም። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ማስታወቂያ አንዱንም በዚያው በቅናሹ ዋጋ ለመግዛት ይፈቅዳል፤ ግዴታ ካለበት ግዴታውን በደቃቅ ፊደል ይጽፈዋል። አምስት የሚለው ቃል የዋጋ ቃል ሳይሆን ለገዢው ጆሮ የተነገረ ምክር ነው። ወዳጄ ሁለቱን ብቻ አነሣ። ፊቱ ላይ ያየሁት ግን ደስታ አልነበረም፤ ባለፉት ወራት አሥር አሥር እያደረገ የተሸከማቸውን ካርቶኖች እያሰበ ነበር።

ከዚያ ወደ ዶሮውና ወደ ዓሣው በሮች አለፍን። እትዬ የዶሮውን ከረጢት ገልብጠው ጀርባውን አስነበቡን፤ እስከ 15 በመቶ ጨውና መረቅ የተጨመረበት መሆኑን ይናገራል። ይህም ከ10 ፓውንድ ዶሮ ውስጥ እስከ አንድ ፓውንድ ተኩል የሚደርሰው የጨው ውሃ ነው ማለት ነው። ውሃ የሌለበት ዶሮ በፓውንድ ጥቂት ሳንቲም ቢበልጥ እንኳ ሊረክስ ይችላል። በዳቦ ፍርፋሪ የተሸፈነው ዓሣም እንደዚሁ ነው፤ ሰውየው ዓሣ ገዛሁ ሲል ዱቄትና ዘይት በዓሣ ዋጋ ይሸከማል። ሽሪምፑና ያልተሸፈነው ዓሣ ደግሞ እንዳይደርቅ በስስ በረዶ ይለበጣል፤ በሕጉ መሠረት በከረጢቱ ላይ የሚጻፈው ክብደት ያን በረዶ ሳይጨምር መሆን አለበትና ገዢው የተጣራውን ክብደት ይመልከት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን በበረዶ ላይ ተንጣሎ የሚታየው፣ ትኵስ የሚመስለው የዓሣ ገበታ ነው። እትዬ ከዋጋው በታች ያለውን ጽሑፍ በጣታቸው አሳዩን፤ ቀድሞ በበረዶ የደረቀ ይላል። ይኸውም ከሩቅ አገር በበረዶ ደርቆ መጥቶ፣ በሱቁ ቀልጦ፣ ለዓይን የተዘረጋ ነው። ብዙ ጊዜ ያው ዓሣ ሳይቀልጥ በበረዶው በር ውስጥ በሚያንስ ዋጋ ይገኛል፤ ቤት ወስዶ ማቅለጥ ለገዢው ምንም አያስከፍለውም።

«የበረዶ ምግብ መጥፎ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ» አልኋቸው።

«መጥፎውም ደጉም አለበት» አሉ እትዬ። «ጎመን፣ ባሚያ፣ ፎሶሊያ፣ አተር፤ ይህን በደረሰበት ወራት ለቅመው ወዲያው ስለሚያደርቁት በየካቲት ከሩቅ መጥቶ ከጠወለገው ይሻላል። ልጆቼን ያሳደግሁት በእርሱ ነው። ታጥቦ ተከትፎ ነው የሚመጣው፤ ከሥራ ስመለስ ሽንኩርት ማቁላላት ብቻ ነው የሚቀረኝ። ያ በሥዕል ያጌጠው፣ በሣጥን ያለ የተሠራ እራት ግን የሚያስከፍለው ለሥዕሉ ነው።»

ደግሞም ስለ ተርኪ ነገሩን። አሜሪካኖች በኅዳር ወር በአራተኛው ሐሙስ የምስጋና በዓል ያከብራሉ፤ በዚያ ሰሞን ሱቆች ተርኪ የሚባለውን ታላቅ ዶሮ ብዙ ጊዜ ከገዙበት ዋጋ እንኳ አሳንሰው ይሸጣሉ። ይህን የሚያደርጉት ለጽድቅ አይደለም፤ በተርኪው የተሳበው ገዢ ቅቤውንና ስኳሩን፣ መጠጡንም በሙሉ ዋጋ ገዝቶ እንዲወጣ ነው። እትዬ ግን ሁለት ተርኪ ብቻ ገዝተው ይወጣሉ። ሙሉ ተርኪ በበረዶ እስከ አንድ ዓመት ጥሩ ሆኖ ይቈያልና አንዱን ለገና፣ ሁለተኛውን ለፋሲካ ያደርሱታል። «ቅመሙ ያው ነው፤ ትልቅነቱ ብቻ ነው የሚያስቅ» አሉ።

ወደ ከፋዩ ሣጥን ስንደርስ አንድ ነገር ሆነ። መኪናው አንዱን የጎመን ከረጢት በቅናሹ ሳይሆን በሙሉ ዋጋው ቈጠረው። ወዳጄ አፍሮ ሊከፍል ሲል እትዬ ክንዱን ነካ አደረጉት። እርሱም በትሕትና ለሠራተኛዋ ነገራት፤ ሄዳ አይታ ተመለሰችና ከረጢቱን በነጻ ሰጠችው። የማሳቹሴትስ ሕግ፣ የምግብ ሸቀጥ ከተጻፈበት ዋጋ በላይ ተቈጥሮ ሲገኝ ዕቃው 10 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አንዱን በነጻ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ 10 ዶላር ቀንሶ እንዲሰጥ ያዝዛል። ዝም ላለ ሰው ግን ሕጉም ዝም ይላል።

ቤት ከገባን በኋላ የተሠራው ሥራ ከገበያው ይበልጣል። እትዬ ፍሪዘሩ በሙሉ ተራግፎ በጠረጴዛ ላይ እንዲደረደር አዘዙ። ሠላሳ አንድ ጥቅል ተቈጠረ። ስድስቱ በደንብ ስላልተጠቀለሉ ነጭ ሆነው ደርቀው ነበር፤ ብርዱ ውሃቸውን መጥጦ ጣዕማቸውን ወስዶታል። እንዲህ ያለው ምግብ አይመርዝም፤ ግን ማንም ወድዶ አይበላውም። አንዳንዶቹ ደግሞ ምን እንደ ሆኑ እንኳ ሊታወቅ አልቻለም። ወዳጄ የስድስቱን ዋጋ ሲደምር ሃያ ሰባት ዶላር ሆነ።

«የእናትህ ገንዘብ ግማሹ እነሆ» አሉት እትዬ፤ ድምፃቸው ግን የቍጣ አልነበረም።

ከዚያ ቀጥለው እንዲህ መከሩት፤ እኔም ለአንባቢ ይጠቅማል ብዬ ጻፍሁት። በፍሪዘር የገባ ነገር ሁሉ ስሙና የገባበት ቀን ይጻፍበት። የተፈጨ ሥጋ ከሦስት እስከ አራት ወር ቢበላ ይሻላል፤ ሙሉ ዶሮ ዓመት ይቈያል። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከዋለ ምግቡ ለጤና አደገኛ አይሆንም፤ ጣዕሙ ግን ይጠፋል። አየር እንዳይገባ አጥብቆ መጠቅለል ያስፈልጋል። ማቅለጥ የሚገባው በፍሪጅ ውስጥ ነው እንጂ በጠረጴዛ ላይ አይደለም፤ ለትልቅ ተርኪ ለየአራትና አምስት ፓውንዱ አንድ ሙሉ ቀን ይቈጠርለት። በፍሪዘሩ በር ላይ ደግሞ በውስጡ ያለው ነገር በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍ፤ የተበላው ይሰረዝ፤ ወደ ገበያ የሚሄደው ያንን ወረቀት አንብቦ ነው።

«ትልቅ ጥቅል በርካሽ ስታገኝስ?» አሉት መጨረሻ ላይ። ወዳጄ መልስ አጣ። «እኔ ምን አለኝ ታዲያ? የላይኛው ፎቅ ልጆች ምን አላቸው? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።»

በዚያው ምሽት ከላይኛው ፎቅ ሁለት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ተጠርተው መጡ። ከጠረጴዛው ላይ ዶሮው ተመርጦ ወጥ ተሠራ፤ ከተራረፈው ጥቅልም እያንዳንዱ የሚወደውን በገዛበት ዋጋ ወሰደ። ወዳጄ አሥራ ስምንት ዶላር በእጁ ገባ። ለሦስት ሳምንት ምንም የበረዶ ምግብ ላለመግዛት በእትዬ ፊት ቃል ገባ።

አዲስ አበባ ከተመለስሁ ከወር በኋላ ደብዳቤው ደረሰኝ። የሁለቱን ወር ውዝፍ መቶ ዶላር ለእናቱ መላኩን፣ የበሩ ላይ ወረቀትም እንዳልተነሣ ጽፎልኛል። አራቱ ጎረቤታሞች ትልልቁን ጥቅል በጋራ እየገዙ ይካፈላሉ፤ ሒሳቡን የሚይዘው እርሱ ነው።

ዛሬ በእኛም ከተማ ሱፐርማርኬቶች የደረቀ ዶሮና ዓሣ ይሸጣሉ፤ ደመወዙን ተቀብሎ በዚያ የሚያልፍ ወጣት ሠራተኛም ብዙ ነው። ለእርሱ ከግሎስተር ያመጣሁት ምክር አጭር ነው። ከመግዛትህ በፊት ክብደቱን አንብበህ ዋጋውን በኪሎ አካፍል፤ ጥቅሉ ለስላሳ ሆኖ ወይም በውስጡ የበረዶ ግግር ሠርቶ ካገኘኸው ቀልጦ የተመለሰ ሊሆን ይችላልና ተወው። መብራት ሲጠፋ የፍሪዘሩን በር አትክፈት፤ ሞልቶ ከሆነ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ ከሆነ እስከ 24 ሰዓት ብርዱን ይይዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በቅናሽ ዋጋ ፊት ስትቆም ምን ያህል ተቀነሰልኝ ብለህ አትጠይቅ፤ ይህን መቼ እበላዋለሁ ብለህ ጠይቅ። ቀኑን መናገር ካልቻልህ መደርደሪያው ላይ ተወው፤ እዚያ ቢቀመጥ ያንተን ገንዘብ አይበላም።